በልጄ ስልክ ላይ በድብቅ የሚከታተል አፕ ላስጭን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ጅዳ ስላለች የ14 ዓመት ሴት ልጃችንን የምናሳድጋት እኔና እናቴ ነን። ስልኩን እናቷ ናት የላከችላት፤ በኢሞ ይገናኙበታል። የቤት ሥራ የሚላከው በክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ስለሆነ ቴሌግራምም አልከለከልኳትም። ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኩ ሲጮህ አንስቼ ባይ አንድ የማላውቀው ሰው ‹ካርዱ ደረሰሽ? ፎቶውስ?› ብሎ ጽፎላታል። ወደ ኋላ ሄጄ ሳነበው ደሴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ይላል፣ የ50 ብር ካርድ ሞልቶላታል፣ ፎቶ እንድትልክለት ሦስት ቀን ሙሉ ለምኗታል። ልጄ አልላክሁም ትላለች። ስልኩን ነጥቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። የሥራ ባልደረባዬ የምትጻጻፈውን ሁሉ በድብቅ ወደ እኔ ስልክ የሚያመጣ አፕ በ1,500 ብር የሚጭን ሰው አለ ብሎኛል። አፑን አስጭኜ ልመልስላት ወይስ 18 ዓመት እስኪሞላት ልከልክላት?»

ምላሽ፦ አፑን አያስጭኑ፤ እስከ 18 ዓመቷም አይከልክሏት። ስልኩ ወደ ልጅዎ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰው ግን እንደነበረው ሳይሆን ከዚህ በታች የማነሣቸውን ነገሮች አብራችሁ ተቀምጣችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ነው። ምክንያቱን ከመግለጼ በፊት ጊዜ የማይሰጥ አንድ ጉዳይ ስላለ በእሱ እጀምራለሁ።

ቴሌግራም ላይ ከሁለቱ ተጻጻፊዎች አንዱ፣ ራሱ የጻፈውንም ሌላው የጻፈለትንም መልእክት፣ ከፈለገም ጭውውቱን እንዳለ፣ ከሁለቱም ስልኮች ላይ መሰረዝ ይችላል። ያ ሰው የሰጋ ዕለት እርስዎ ያነበቡት ሁሉ ዱካ ሳይተው ይጠፋል ማለት ነው። ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፉም አያድነውም፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቅጽበት ስረዛው ይደርሰዋል። ስለዚህ ስልኩ ጠፍቶ ከሆነ ከማብራትዎ በፊት ሲም ካርዱን ያውጡ፤ የሚያውቀው ዋይፋይ በአቅራቢያው ካለም ያጥፉት። ከዚያ ጭውውቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ሲክሬት ቻት በሚባለው መንገድ የተጻጻፉ ከሆነ ስክሪንሾት እንቢ ስለሚል በራስዎ ስልክ ካሜራ ከላይ ያንሱት። የሰውየውን ስም፣ ዩዘርኔምና ቁጥሩ ከታየ ቁጥሩን የያዘውን ገጽ፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ይያዙ። ካርዱ ሲሞላ የመጣውን አጭር መልእክትም አያጥፉ፤ ሒሳቡ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ከሆነ የላኪው ቁጥር እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። ሰውየው ብሎክ የሚደረገው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጭውውቱ ውስጥ የልጅ ራቁት ምስል ካጋጠመዎት ምስሉን አይቅዱ፣ ለወንድምዎም ሆነ ለዚያ ባልደረባዎ ለማሳየት ብለው አያስተላልፉ። በስልኩ ላይ እንዳለ ለፖሊስ ማሳየት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ምስል ማስተላለፍ፣ ሐሳብዎ ንጹሕ ቢሆንም፣ እርስዎን ራስዎን በሕግ ፊት ሊያቆም ይችላል።

ሰውየው ልጅዎን እንዴት አገኛት የሚለውን ጥያቄ አላነሡም፤ መልሱ ግን ከአፑ ይልቅ ይጠቅምዎታል። ብዙ ወላጆች አደጋው ያለው ልጆች በሚከፍቱት መጥፎ ገጽ ላይ፣ ወይም በሩቅ አገር በተቀመጠ አጭበርባሪ ዘንድ ይመስላቸዋል። ከገለጹት ተነሥቼ ስገምት የእናንተ በር የቤት ሥራው ግሩፕ ነው። የክፍል ግሩፕ ሊንክ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው፣ ከታናሽ ወደ ታላቅ ወንድም፣ ከዚያም ወደ ጓደኛ ይሄዳል። ገብቶ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የአባላቱን ዝርዝር ከፍቶ፣ ስምና ፎቶ እያየ፣ አንዷን ነክቶ በቀጥታ ሊጽፍላት ይችላል፤ ስልክ ቁጥሯን ማወቅ አያስፈልገውም። እስቲ ግሩፑን ከፍተው የአባላቱን ቁጥር ይመልከቱ። በልጅዎ ክፍል ያሉት 60 ተማሪዎች ሆነው በግሩፑ ውስጥ 140 ሰው ከተመዘገበ የቀሩት ሰማንያዎቹ እነማን ናቸው? መምህሩም አያውቁም፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ግሩፑን የከፈቱት የቤት ሥራ ለመላክ እንጂ በር ለመጠበቅ ስላልነበረ ነው።

መፍትሔው ቀላልና ገንዘብ የማያስወጣ ነው። መምህሩ ግሩፑን ትተው ቻናል ይክፈቱ። በቻናል ላይ የሚጽፉት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ዝርዝሩን የሚያዩት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። ተማሪዎች ጥያቄ እንዲጠይቁ ተብሎ ከቻናሉ ጋር የመወያያ ግሩፕ ከተያያዘ ግን ያው የድሮው በር ተመልሶ ይከፈታልና ይህንንም ይንገሯቸው። ግሩፑ የግድ መቀጠል አለበት ካሉ፣ ከ100 በላይ አባላት ባሉት ግሩፕ አስተዳዳሪው የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ይችላል፤ ይህ ግን በግሩፑ ውስጥ የሚጽፍን ልጅ አይሸፍንም። ወደ ትምህርት ቤቱ በአካል ይሂዱ። በወላጆች ስብሰባ ላይ የልጅዎን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ግሩፑ ብቻ መናገርም ይቻላል፤ አንድም ሰው የእርስዎን ቤት አይጠረጥርም።

ስለ 50 ብሩ። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የለመነ ሰው እንቢ ሊባል ይችላል፤ ካርድ የሞላ ሰው ግን ልጅቷን ባለዕዳ አድርጓታል። አካሄዱን ልብ ይበሉ፦ አስቀድሞ ሰላምታና ስለ ፈተና ጥያቄ፣ ከዚያ ትንሽ ስጦታ፣ ቀጥሎ «ለማንም እንዳትነግሪ» የምትል ቃል፣ ከዚያ ተራ የፊት ፎቶ፣ በመጨረሻም ሌላ ዓይነት ፎቶ። የመጨረሻው ከእጁ ከገባ በኋላ ልመናው ይቀርና ማስፈራሪያው ይመጣል፦ «ለአባትሽ እልካለሁ፣ ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ።» «ፎቶውስ?» ብሎ ከካርዱ ጋር አያይዞ መጠየቁ ዕዳውን እየሰበሰበ መሆኑን ያሳያል። የደሴ ተማሪ ነኝ ማለቱም እውነት ይሁን ሐሰት ከዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም። እውነት ከሆነ ደግሞ የሐረጎን ተራራ ተሻግሮ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በሚኒባስ ኮምቦልቻ የሚደርስ ሰው ነውና ቅርበቱ ለእምነት ምክንያት አይሆንም። በነገራችን ላይ ይህ የሴት ልጆች ብቻ ጣጣ አይደለም፤ ወንዶች ልጆችም በሴት ስም በተከፈተ አካውንት ተታለው ፎቶ ልከው ገንዘብ ይጠየቃሉ፤ እነሱ ደግሞ ለመናገር የባሰ ያፍራሉ።

አሁን ወደ አፑ ልምጣ። ሰውየው በ1,500 ብር የሚሸጥልዎት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን፣ የስልኩን የደኅንነት መከላከያ አጥፍቶ፣ ስክሪኑን የማንበብ፣ ማይክሮፎኑንና ፎቶዎቹን የመክፈት ፈቃድ ወስዶ፣ የሰበሰበውን ሁሉ እርስዎ ወደማያውቁት ኮምፒዩተር የሚልክ ፕሮግራም ነው። የልጅዎ ፎቶ ወደማይታወቅ ሰው እንዳይሄድ ብለው ፎቶዎቿን በሙሉ ወደማይታወቅ ሰው ይልካሉ ማለት ነው፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ነው። ሁለተኛው እንዲያውም አፕ አይደለም፤ የልጅቷን ቴሌግራም በሌላ ስልክ ላይ መክፈት ብቻ ነው፤ ከፋቹም ከፈለገ በራሱ ስልክ ላይ አብሮ ያስቀረዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የልጃቸው መልእክት ሳይከፈት እንደተነበበ ያሳያል ብለው ስልኩን ደሴ ድረስ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ሴቲንግስ ውስጥ ገብቼ ዲቫይስስ የሚለውን ስነካ ሦስት መሣሪያዎች ተደረደሩ፦ የልጅቷ ስልክ፣ የእናትየው ስልክ፣ እና ሁለቱም የማያውቁት አንድ ኮምፒዩተር። ኮምፒዩተሩ የማን እንደሆነ አላወቅንም፤ እናትየው ግን ስልኩን «እንዲያስተካክልላቸው» ለማን ሰጥተው እንደነበር ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። እርስዎም ዛሬ ያንኑ ገጽ ከፍተው ከልጅዎ ስልክ በቀር ያለውን ሁሉ ያስወጡ።

እምነት የሚባለውን ነገር ለጊዜው ብንተወው እንኳ ድብቅ ክትትል በተግባር ይከሽፋል። ልጅቷ ያወቀች ዕለት በጓደኛዋ ስልክ ላይ ሌላ አካውንት ትከፍታለች፤ ያን ጊዜ እርስዎ የሚያዩት ንጹሕ ስልክ ነው፤ የሚያጽናናዎትም ውሸት ነው። ክትትል ካስፈለገ በግልጽ የሚሠራ ይሁን። ጎግል ለወላጆች ያዘጋጀው ፋሚሊ ሊንክ የሚጫኑትን አፖች በወላጅ ፈቃድ ያደርጋል፣ የሌሊት ሰዓቱን ይዘጋል፣ ስልኩ የት እንዳለም ያሳያል፤ ልጅቷም መኖሩን ታውቃለች። መልእክት ግን አያነብም፤ ማን እንደጻፈላትም አይነግርዎትም። ስለዚህ ለሰዓትና ለአፕ ገደብ ይጠቅማል፤ የእርስዎን ችግር ብቻውን አይፈታም።

ከዚህ የበለጠ መታየት ያለበት የስልኩ ጂሜይል ነው። ስልክ ሲገዛ ወይም ከውጭ ሲላክ ጂሜይሉን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ ሻጩ ወይም ጠጋኙ ነው፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው፤ ባለቤቱ ጭራሽ ጂሜይል እንዳለው አያውቅም። ፎቶዎች በራሳቸው ወደ ጎግል ፎቶስ እንዲቀመጡ ተደርጎ ከሆነ ያን ፓስወርድ የያዘ ሰው የትም ተቀምጦ ልጅቷ ያነሣችውን ሁሉ ማየት ይችላል። የልጅዎ ስልክ ጂሜይል በማን እንደተከፈተ ለእናቷ ደውለው ይጠይቁ። መልሱ «ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ» ከሆነ ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበውን ቁጥር በእርስዎ ቁጥር ይተኩ፣ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ያስወጡ።

የልደት ዘመንም አለ፤ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ስሕተት ስለሆነ ማንም አይነግርዎትም። አፕ ሲከፈት የልደት ዓመት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ልጅዎ የተወለደችው በ2004 ዓ.ም. ከሆነና ያንኑ 2004 ብላ ከሞላች፣ ምንም ሳትዋሽ፣ ለአፑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ የ14 ዓመቷን ልጅ የ21 ወይም የ22 ዓመት ሴት አድርጎ ይይዛታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲክቶክ ለምሳሌ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን አይፈቅድም፤ ከ13 እስከ 15 ያሉትን አካውንት ከመነሻው ለሌላ ሰው ዝግ ያደርጋል፣ ከ16 በታች ላሉት የግል መልእክት አይከፍትም፣ 18 ያልሞላው ላይቭ እንዲያስተላልፍ አይፈቅድም። እነዚህ አጥሮች ሁሉ የሚቆሙት በዚያች ባንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። ቲክቶክ ካላት የሞላችውን ይጠይቋት፤ የተሳሳተ ከሆነ አሮጌውን ዘግቶ በትክክለኛው ዓመት አዲስ መክፈት ይቀላል። የጎግል አካውንቷንም እንዲሁ ይመልከቱ።

የቴሌግራሙ ማስተካከያ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያይ ኖባዲ ይበሉት፤ ወዲያው ከሥሩ በቁጥሯ ማን ሊያገኛት እንደሚችል ይጠይቃል፣ ማይ ኮንታክትስ ይምረጡ። ግሩፕና ቻናል ውስጥ የሚያስገባት፣ የሚደውልላትና የገጽ ፎቶዋን የሚያይ ሰው እንዲሁ በማይ ኮንታክትስ ይወሰን። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍታችሁ የይለፍ ቃል አውጡ፤ የመልሶ ማግኛው ኢሜይል የእርስዎ ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎም ግን በአንድ ግሩፕ ውስጥ አብሯት ያለ ሰው ሊጽፍላት ይችላል፤ ግሩፑ መቀየር አለበት ያልኩት ለዚህ ነው። ኢሞ ላይ ከእናቷና ከዘመድ ጋር መነጋገሩ ይቀጥል፤ ከማይታወቅ ሰው ጋር ወደሚያገናኙት ክፍሎቹ ግን እንዳትገባ፣ ከማታውቀው ሰው የመጣ ጥሪም እንዳታነሣ ይስማሙ።

ስለ መንጠቁ የሚሰማኝን በግልጽ ልናገር። የተቆጣ አባት የሚያደርገውን አደረጉ፤ ቢሆንም ልጅዎ ከዚህ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ ካወቀ ስልኬ ይወሰዳል። የእርሷ ስልክ ደግሞ እናቷ ናት፤ ጅዳ ያለችውን እናቷን የምታይበት መስኮት ነው። ፎቶ የሚለምን ሰው ይህን ስሌት ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ «ለአባትሽ እነግራለሁ» የሚለው ማስፈራሪያው የሚሠራው እርስዎ ሲያውቁ የሚከተለው ነገር እሱ ከሚያደርስባት የባሰ መስሎ ሲታያት ነው። ይህን መሣሪያ ከእጁ መቀማት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከፈረቃ ወጥተው ቤት በሚውሉበት ቀን፣ እናትዎ ቡና ሲያፈሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀመጡና እንዲህ ይበሏት፦ «ጥፋቱ የሰውየው ነው። ማንም ምንም ቢጽፍልሽ፣ አንቺም የላክሽው ነገር ቢኖር፣ መጥተሽ ከነገርሽኝ ስልክሽን አልወስድብሽም፤ አልመታሽም።» ይህን ካሉ በኋላ ቃልዎን ማፍረስ አይችሉምና የማይጠብቁት ከሆነ አይናገሩት። አልላክሁም ያለችውንም በጥያቄ ብዛት አያስጨንቋት፤ ልካ ከሆነ የምትነግርዎት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ለእናቷ ደግሞ ዛሬ ማታ ራስዎ ይደውሉ፤ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባትም።

ልካ ከሆነ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ይጠየቃል። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራው ብቻ ተወስዶ፣ በአገልግሎቱ የታቀፉት እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉት ምስሉን አግኝተው እንዲያነሡት ይረዳል። ከሰው ለሰው በግል የተላከን ምስል ግን አይደርስበትም።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወሲባዊ ንግግር፣ ጽሑፍ ወይም ምስል በመላክ ማባበልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ልጅቷ ፎቶ እስክትልክ መጠበቅ አያስፈልግም። የያዙትን ማስረጃ ይዘው በከተማው ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ክፍል ይሂዱ፤ ሲም ካርድ በመታወቂያ ስለሚመዘገብ ቁጥር ከተገኘ ሰውየውን ማግኘት ይቻላል፤ ያን ማድረግ የሚችለው ግን ፖሊስ ነው። ጽሑፉ እስካሁን ተራ ፎቶ ከመለመን ካላለፈ ክስ ላይቀርብ ይችላል፤ ያም ሆኖ ማስመዝገብዎ አይከፋም፤ ያው ሰው ለሌላ ልጅም ጽፎ ሊሆን ይችላል። እውነትም ተማሪ ከሆነና ራሱ 18 ካልሞላው ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይያዛል። የማይደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ልጅቷን መስሎ እየጻፉ ቀጠሮ መስጠት፣ እና አጎቶቿን ሰብስቦ ደሴ መውጣት። የመጀመሪያው ማስረጃውን ያበላሸዋል፤ ሁለተኛው ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል።

ስልኩን ማስረጃው ተይዞ፣ ፖሊስ ጋ ተሂዶ፣ ከላይ ያሉት ተስተካክለው እንዳለቁ ይመልሱላት፤ ከሳምንት በላይ አያቆዩት። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሁላችሁም ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ይደር። መምህሩ ቻናሉን እስኪከፍቱ ድረስ ልጅዎ ከግሩፑ ትውጣ፤ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይግቡበትና የቤት ሥራው ሲመጣ ከስልክዎ ላይ ትገልብጥ። ሌሊት ፈረቃ ሲሆኑ የቤት ሥራውን ወደ እናትዎ ስልክ ያስተላልፉላት፤ እሳቸው ማንበብ ባይችሉ ልጅቷ ታነብላቸዋለች።